እዚህ አልተፋም

ይህን የምጽፈው ከንፈር እንድትመጥጡልኝ አይደለም። ከንፈር መጠጣ ጠግቤያለሁ። እንድታምኑኝም አልለምንም፤ እኔ ራሴ ሰው ቶሎ አላምንም። የሆነውን ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ስሜ ደምሴ ነው። ሥራዬ ብየዳ። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ፣ ሚስት አግብቼ ልጅ ካሳደግኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። አጻጻፌ ከሻከራችሁ እዚሁ አቁሙ።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። በአገራችን ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው ሁሉ ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው። ገበሬው በአባቴ ማረሻ አርሶ፣ በአባቴ ማጭድ አጭዶ፣ እህሉን ጎተራ ካስገባ በኋላ አባቴን ከማዕዱ አያቀርበውም። ቡዳ ነዋ! በዓይኑ ሰው ይበላል፤ ሲመሽ ጅብ ይሆናል። ልጁም እንደዚያው። የጎረቤት ሕፃን ባሳለ ቁጥር እናቴ እኔን ጓዳ ትከተኝ ነበር።

አዲስ አበባ የገባሁት ይህን ጥዬ ነው። እዚህ ብየዳ የሚችል ሰው ባለሙያ ይባላል። አባትህ ምን ይሠሩ ነበር ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልናገርም።

የምሠራበት ወርክሾፕ ከልደታ ማርያም ጀርባ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ወረድ ብሎ ነው። የብረት በር፣ መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። ባለቤቱን «ኢንጂነር» እያልን ነው የምንጠራው። በዕድሜ ከኔ ያንሳል። ጨዋ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ከእሱ ቀጥሎ ፎርማኑ ግርማ አለ። ምሳ ላይ ልማዳችን ሁሉም ምሳ ዕቃውን ከፍቶ አንድ ሰፊ ትሪ ላይ መገልበጥ ነበር። የአንዱ ሽሮ ከሌላው ምስር ይቀላቀላል። የሌለው እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ብዙ ዓመት እንዲህ በላን።

ከዚያ ካሳሁን የሚባል የስቶር ሠራተኛ ተቀጠረ። እኔ አላወቅኩትም። እሱ ግን የምበይድበትን ኤሌክትሮድ ሲያወጣልኝ ትክ ብሎ አየኝ።

«አገርህ ወዴት ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ሩቅስ የት?»

«አንተ ኤሌክትሮዱን ስጠኝ።»

ሳቀ። «የቀጥቃጩን የወልዴን ልጅ ትመስለኛለህ።»

«ሰው ይመሳሰላል።»

«እሱስ ይመሳሰላል» አለ። «ዓይን ግን አይመሳሰልም።»

ያን ቀን ኤሌክትሮዱን ይዤ ስወጣ ነገር መምጣቱን አውቄያለሁ። በምን በኩል እንደሚመጣ ብቻ ነው ያላወቅኩት።

ቀስ ብሎ መጣ። መጀመሪያ አንዱ «ጨጓራዬን አሞኛል፣ ለብቻዬ ልብላ» አለ። ሌላው ምሳውን ውጭ መብላት ጀመረ። ትሪው ከመካከላችን ጠፋ፤ ማን እንዳነሳው የሚናገር የለም። ሳልፍ ምሳ ዕቃ ይከደናል። ግቢው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት መሽተት ጀመረ፤ ለካ እያንዳንዱ ኪሱ ውስጥ ከቶ ነው የሚመጣው፣ ዓይኔ እንዳያገኘው። አንድ ጠዋት የብየዳ ማስኬን ሳነሳ በጠመኔ «ቡዳ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከመማሬ ያተረፍኩት አንዱ ይኸው ነው። ማንበብ ባልችል ኖሮ አበባ የሳሉልኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ይህን አስቡት። ጽፈው የሄዱት ሰዎች ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጡ፣ ሲያግሉ፣ ሲቀጠቅጡ ነው የሚውሉት። ለእነሱ ሙያ ነው፤ ሰርተፍኬት አላቸው። ለኔ ሲሆን ደም ነው።

አብራኝ መብላት ያላቆመችው ትዕግስት ብቻ ነበረች። ቀለም ቀቢያችን ናት፤ የተበየደውን በር የምትረጭ። ልጅ እግር፣ ቀጭን፣ አፏ የማያርፍ።

«ተይ አንቺ ልጅ» ይሏታል፣ እኔ እየሰማሁ። «አንድ ቀን ይበላሻል።»

«ምኔን? አጥንት ብቻ አይደለሁ እንዴ! ከኔ ይልቅ ግርማን አይበላም፣ ሥጋ ያለው!»

ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን እሷንም እጠረጥራታለሁ። ሁሉም ሲሸሸኝ ይቺ ለምን ቀረበችኝ? ማን ላካት? የምበላውን አይታ ለማን ነው የምትናገረው? ሰው ዙሪያውን ሲከዳው ያልከዳውንም በክፉ ዓይን ነው የሚያየው። በዓይን መብላት ማለት እንዲያ ከሆነ፣ ያኔ እውነትም በልቻታለሁ።

ያ ቀን ረቡዕ ነበር። ትዕግስት ከጠዋት ጀምሮ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምነው?»

«ሆዴን ይቆርጠኛል ጋሼ። እምብርቴ ጋ ነበር፣ አሁን ወደ ቀኝ ወርዷል።»

«ሐኪም ቤት ሂጂ።»

«ግርማን ጠይቄው ‘በሩ ዛሬ ካልተቀባ ኢንጂነሩ ይገለኛል’ አለኝ።»

ምሳ ላይ ምንም አልቀመሰችም። ምሳ ዕቃዋን ወደኔ ገፋች፤ «ብላልኝ፣ ከሚደፋ» አለችኝ። በላሁ። ቀና ስል ካሳሁን ከስቶሩ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። እሷ ሆዷን ይዛለች፤ እኔ ምሳዋን እበላለሁ። ያን ጊዜ ምሳ ዕቃውን መክደን ነበረብኝ። አልከደንኩም። ርቦኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ለደረጃ መደገፊያ ልክ እንድወስድ ግርማ ሰንጋ ተራ ላከኝ። ልኩን ወስጄ ስመለስ የወርክሾፑ ማሽን ሁሉ ጸጥ ብሏል። በሥራ ሰዓት ማሽን ጸጥ ካለ ወይ መብራት ጠፍቷል ወይ ሰው ተጎድቷል። ዘበኛው በሩን ከፈተልኝና ፊቱን አዞረ።

የተቃጠለ ጨርቅ ይሸታል። ሚስማሬ ላይ የሰቀልኩትን ቱታ አየሁት፤ አንድ እጅጌው የለም። በመቀስ ተቆርጧል።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን አይቶ ምን እንደሆነ አይጠይቅም። የተበላን ሰው በበላው ሰው ልብስ ያጥኑታል። ጭሱ ሲገባው ይለፈልፋል፣ የበላውን ስም ይጠራል ይባላል።

ቀለም ክፍል ገባሁ። ትዕግስት ካርቶን ላይ ተኝታለች። ሁለት ልጆች ቡዳው እንዳያመልጥ የእጇን አውራ ጣቶች ጨምድደው ይዘዋል። ካሳሁን የሚጨሰውን እጅጌዬን አፍንጫዋ ሥር ይዞ፣ «ለፍልፊ! ማነው? ማነው የበላሽ?» ይላታል። እሷ ታቃስታለች፣ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ትሰበስባለች። ላቧ አንገቷ ላይ ይወርዳል። ቀለምና ቲነር በሞላበት ክፍል ውስጥ እሳት መለኮሳቸውን እንኳ ያሰበ የለም።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ይኸው መጣ» አለ ካሳሁን። «ስሙን ጠርታለች። ሁሉም ሰምቷል።»

ወደ ትዕግስት አየሁ። ዓይኗ ተገልጦ ነበር። አየችኝና ጨፈነችው። ያ መጨፈን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

«ሐኪም ቤት ውሰዷት!» አልኩ።

«መርፌ ከነካት ታልቃለች» አለ አንዱ። «የቡዳ በሽታ መርፌ አይወድም።»

«ታዲያ እንዲህ ስታዩዋት ልትሞት ነው?»

ግርማ ትከሻዬን ያዘኝ። ግርማ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን የባሰ ያደረገውም እሱ ነው። «ደምሴ፣ ወንድሜ፣ እኔ ጥፋት አላልኩህም። በተፈጥሮህ ነው፣ አንተ ፈልገህ አይደለም። ትፍ በልባትና ይልቀቃት። ማንም አይነካህም። በልደታ እምልልሃለሁ።»

የበላው ሰው ከተፋባት ትድናለች ነው ነገሩ። እኔ ግን ሌላውን ገጽ አውቀዋለሁ። ከተፋሁ አምኛለሁ ማለት ነው። ካልተፋሁ ገዳይ ነኝ። አባቴን አንድ ጊዜ እንዲህ ይዘውት ነበር፤ ተፋ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም።

ኢንጂነሩ ከቢሮ ደረጃው ላይ ሆኖ በእጁ ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ በዚህ ነገር አላምንም። የተማርኩ ሰው ነኝ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያው መኪናውን ይዘዙልኝ፣ ሐኪም ቤት ትሂድ።»

መስኮቱ አጠገብ ሄዶ ወደ ታች አየ። «ሠራተኛው ተቆጥቷል። እነሱ መርፌ አይንካት እያሉ እኔ በጉልበት ወስጄያት አንድ ነገር ብትሆን በኔ ነው የሚያመካኙት። አንተ አንዴ እንትፍ ብትልላቸው ግን ይረጋጋሉ። ከዚያ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን። ምን ይጎዳሃል? ምራቅ ነው።»

«ነገስ ምን ይሉኛል?»

«ነገ ወደ ሥራህ ነው። እኔ አለሁልህ።»

ፊቱን አየሁት። ሰው እውነት ሲናገር ዓይንህን ያያል። እሱ ጉሮሮዬን ነበር የሚያየው። «እኔ አለሁልህ» ማለት ቋንቋው ሲፈታ «ብቻህን ነህ» ማለት መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ።

ስወርድ የትዕግስት ማቃሰት ቆሟል። ያ ነው ያስደነገጠኝ። ቅድም የምትጮኽ ሰው ዝም ካለች መልካም አይደለም። ሆዷን በእጄ ነካ ባደርገው እንደ እንጨት ደርቋል። «አትንካት!» ብለው ገፈተሩኝ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የመጣልኝ። ብልህ ሆኜ አይደለም። ሌላ በር ስላጣሁ ነው።

«እተፋለሁ» አልኩ።

ካሳሁን ፈገግ አለ፤ ያሸነፈ ሰው ፈገግታ።

«እተፋለሁ። እዚህ ግን አልተፋም።»

«ለምን?»

«ብረት አለ። ብረት ባለበት ቢተፋ አይለቅም፤ ብረቱ ይይዘዋል። የአባቴ ወግ እንዲህ ነው። ብረት መሃል ከተፋሁባት እዚሁ ትሞታለች፤ እኔ የለሁበትም።»

ዙሪያቸውን አዩ። ወርክሾፕ ነው፤ ከጣሪያው እስከ ወለሉ ብረት ነው። አንዱ ተደግፎበት ከነበረው የበር ፍሬም ሸሸት አለ።

«ልደታ ማርያም በር እንውሰዳት» አለ ግርማ፤ «ጠበሉም አለ።»

«ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም» አልኩ። ይሄኛው እውነት ነበር።

«ታዲያ የት?»

«ሐኪም ቤት። የማያውቀኝ ሰው የበዛበት ቦታ። በር ላይ እንደደረስን፣ መርፌ ሳይነካት እተፋላችኋለሁ።»

ማን ይህን ወግ ሰምቶ ያውቃል? ማንም። እኔም የዚያን ደቂቃ ነው የሰማሁት። በሕይወቴ ቡዳ አይደለሁም ብዬ የማልኩትን መሐላ አንድ ሰው አምኖልኝ አያውቅም። ነኝ ብዬ የዋሸሁትን ግን ባንድ ጊዜ ሁሉም አመነ።

ትዕግስትን ከነካርቶኑ ፒክአፑ ላይ አወጧት። ግርማ ነዳ። እኔን ከኋላ፣ ከእሷ ራቅ አድርገው፣ ጥግ ላይ አስቀመጡኝ። ካሳሁን በመሃላችን ተቀመጠ፣ ዓይኔን በመዳፉ ሊከልል እየሞከረ። ሜክሲኮ ላይ መኪናው ሁሉ ተጣብቆ ቆሟል። ከላይ ባቡሩ ሰው ጢም አድርጎ ያልፋል። ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፍ ዞሮ ዞሮ የት እንደሚያልቅ አይታይም። አንድ ሰው ከሰልፉ ውስጥ ወደ ፒክአፑ አንጋጦ «ምን ሆና ነው?» አለ።

«ተበልታ ነው» አለ ካሳሁን፣ በአገጩ ወደኔ እያመለከተ።

ሰልፉ በሙሉ አየኝ። እኔም አየኋቸው። ጅብ መሆን ብችል ኖሮ፣ በየማታው እዚያ ሰልፍ ላይ ምን ያቆመኝ ነበር!

ግርማ ጡሩምባ እየነፋ፣ በእግረኛ መንገድ ጫፍ እየታከከ አሳለፈን። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አልጋ መጣ። ነርሷ ልትወጋት የትዕግስትን እጅጌ ስትሰበስብ ግርማና ካሳሁን ከበቡኝ።

«በል! አሁን! ሳይወጓት!»

ከትዕግስት አጠገብ ቆምኩ። ላያት ፈለግኩ፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ሰው ሁሉ ያየኛል። ሲሚንቶው ላይ ተፋሁ።

«አንተ ሰውዬ!» ነርሷ ጮኸችብኝ። «ምን ዓይነት ባለጌ ነህ! በሽተኛ አጠገብ ይተፋል እንዴ?»

ከሁሉም በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው የሷ ስድብ ነው። የምትሰድበው እንደ ማንኛውም ባለጌ ነበር፤ ቡዳ መሆኔን አታውቅማ። አንድ ጊዜ እንኳ እንደ ሰው መሰደብ እንዴት እንደሚያስደስት እንደ ቡዳ የተሰደበ ያውቀዋል።

ሐኪሙ ወጥቶ ትርፍ አንጀቷ መፈንዳቱን፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና እንደምትገባ ነገረን። «ጥቂት ብትቆዩ ኖሮ እዚህ የምታመጡት ሬሳ ነበር» አለ። ግርማ ራሱን ይዞ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ካሳሁን ግን አልደነገጠም። «አየህ» አለው ለግርማ፣ «ስለለቀቃት ነው ሐኪሙ ያገኘላት።»

ምን ትለዋለህ? እግዚአብሔር እውነትን በሐኪም አፍ ቢያመጣለትም ወደ ቡዳ የሚያዞር ሰው ነው።

ትዕግስት ዳነች። እኔ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ወርክሾፑ በር ላይ ዘበኛው አቆመኝ።

«ኢንጂነሩ እንዳትገባ ብለዋል፣ ጋሼ። እኔ የታዘዝኩትን ነው።»

ኢንጂነሩ ራሱ ወጣ። የውጩን በር ገርበብ አድርጎ፣ አንድ እግሩን ውስጥ ትቶ ነው የቆመው።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ በግሌ አላምንም፣ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ትናንትም ነግረውኛል።»

«ሠራተኛው ካንተ ጋር አንሠራም ብሏል። በአፍህ ደግሞ አምነሃል፤ እኔ ምን ብዬ ልከራከርልህ?»

«ያመንኩት ልጅቷን ለማዳን ነው።»

«እሱን እኔም እረዳለሁ። ግን ሰላም እፈልጋለሁ። ሥራ ነው።»

«እኔስ ምን ጥፋት ሠራሁ? የበየድኩት በር ተመልሶ ያውቃል?»

«የለም፣ የለም። ባለሙያ ነህ። ሌላ ቦታ ትገባለህ።» በሩ ተዘጋ። ጨዋ ነው ብያችኋለሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ልደታ ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ለደሃ በነጻ የሚያማክሩ ጠበቆች እንዳሉ የነገረኝ የማታ ትምህርት መምህሬ ነው። ነጻ የሚባል ነገር አላምንም። ነጻ ያሉህ ነገር ዋጋው የሚነገርህ ዘግይቶ ነው። ሆኖም ሄድኩ። ሰብለ የምትባል ወጣት ጠበቃ ተቀበለችኝ። ታሪኬን ሰማችና፣ «ምስክር አለህ?» አለችኝ።

«ሞልቶኛል! አከራዬ፣ የነፍስ አባቴ፣ የዕድሬ ዳኛ። ሁሉም ቡዳ አለመሆኔን ይመሰክራሉ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ለምን?»

«እንዴት ለምን? አለመሆኔን ላስረዳ ነዋ!»

«ማን ጠየቀህ? ሕጉ ሠራተኛን በዘሩ፣ በትውልዱ፣ በማኅበራዊ ደረጃው ማሰናበት ክልክል ነው ይላል። ንጹሕ መሆንህን አስረዳ አይልም። ቡዳ አይደለሁም ብለህ ከጀመርክ፣ ቡዳ ቢሆን ኖሮ ማባረር ይቻል ነበር ማለትህ ነው። ለሚቀጥለው ሰው ጉድጓድ ትቆፍርለታለህ።»

ተናደድኩባት። ከልቤ ነው የተናደድኩት። ዕድሜ ልኬን አይደለሁም ስል የኖርኩትን ይቺ ልጅ ዝም በል ትለኛለች? ከኢንጂነሩ ጋር ተነጋግራ ይሆን? ተነስቼ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ፣ «አቶ ደምሴ» አለችኝ፣ «ሕጉ ጊዜ ቆርጧል። ቤትህ ተቀምጠህ ስትብሰለሰል ካለፈብህ እኔም ዳኛም አንመልስልህም።» ከደጅ ተመለስኩ። አሁንም አላመንኳትም፤ የተመለስኩት ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።

የችሎቱ ቀን ኢንጂነሩ ጠበቃ ይዞ መጣ። ጠበቃው ገና እንደተነሳ፣ «አመልካች ቡዳ ነኝ ብሎ በሠራተኞች ፊት በአንደበቱ አላመነም ወይ?» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ይህ ችሎት አቶ ደምሴ ምን እንደሆኑ አይመረምርም። ሠራተኛው በሥራቸው ላይ ምን አጥፍተው ነው ደንበኛዎ ያሰናበቷቸው?»

«የሥራ ሰላም…»

«በሥራቸው ላይ ነው ያልኩት።»

ጠበቃው ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። ኢንጂነሩ ወደ መሬት። ጉድ እኮ ነው፤ ይህን ጥያቄ ያን ጠዋት በር ላይ እኔው ጠይቄው ነበር። ከዳኛ ወንበር ሲጠየቅ ግን የሚዘጋው በር አልነበረውም።

ምስክሬ ትዕግስት ነበረች። እንደማትመጣ እርግጠኛ ነበርኩ። እናቷ «ከሱ ጋር ድጋሚ እንዳትታዪ» እንዳለቻት ሰምቻለሁ፤ እሷ ራሷ ገና እዚያው ወርክሾፕ ነው የምትሠራው። መጣች። ሻርፕ ለብሳ፣ ከስታ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆመች። ምሳ አብራኝ እንደምትበላ፣ ሐኪም ቤት እንድሄድ ከጠዋት እንደነገርኳት፣ ጭሱን፣ አውራ ጣቷን እንደጨመደዱት፣ ሁሉን ተናገረች። አፏ አያርፍም ብያችሁ የለ? ዳኛዋ ሁለት ጊዜ «በቂ ነው» አሏት።

ከችሎት ስንወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩባት። ማመስገን ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«በጭሱ ውስጥ ስሜን ጠርተሻል?»

ቆመች። የሚያልፈው ሰው ትከሻዋን እየገፋ ይወርዳል።

«ጠርቻለሁ።»

«ልረዳሽ እንድመጣ ነው?»

ሊሆን የሚችለውን መልካም ነገር እኔው አፏ ላይ አደረግኩላት። አዎ ብትለኝ ይበቃኝ ነበር።

«አይደለም ጋሼ» አለች። «አምኜ ነው የጠራሁህ። በጣም ሲያመኝ አመንኩ። ምሳዬን ስትበላ ትዝ አለኝና… አመንኩ።»

«አሁንስ?»

ልትዋሽልኝ ትችል ነበር።

«ሐኪሙ ትርፍ አንጀት ነው አለኝ፤ የወጣውንም በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ማታ ብቻዬን ስሆን ግን… አላውቅም ጋሼ። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ? ለምን መሰከርሽልኝ?»

ተቆጣች። ገርጥታ፣ ቁስሏን ይዛ፣ ተቆጣችኝ። «ምን ማለትህ ነው? ብትሆንስ? ብትሆንም ባትሆንም፣ ባልሠራኸው ጥፋት እንጀራህን ይቀሙሃል እንዴ? የበየድከውን በር እኔ አይደለሁ የምቀባው? አንድ ቀን ጎርብጦኝ ያውቃል?» ብላኝ ደረጃውን እየተጠነቀቀች ወረደች። አልተከተልኳትም።

ሰብለ ቢሮዋ ውስጥ የነገረችኝ ሕግ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የምትወደኝ ሰው ብትመሰክርልኝ ምን ይደንቃል? ንጹሕ ነህ ብላ የምታምን ብትቆምልኝስ? ይቺ እየፈራችኝ ነው የቆመችልኝ። መብት ማለት ይኸው ነው መሰለኝ፤ የሚጠረጥርህ ሰው እንኳ ሊነሳህ የማይገባው ነገር።

ፍርዱ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ሆነ። ተመለስኩ። ኢንጂነሩ ሰላም ይለኛል። ግርማ ከወንድም በላይ ሊሆንልኝ ይሞክራል፤ አላቀረብኩትም። ካሳሁን እዚያው ስቶር ነው፤ ኤሌክትሮዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ እጁን ይሰበስባል። ነጭ ሽንኩርቱ አሁንም አልፎ አልፎ ይሸተኛል። ፍርድ ቤት የሰውን አፍንጫና ልብ አያዝም፤ በሩን ብቻ ነው ያስከፈተልኝ። በሩ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ በር ሠሪ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንዳችሁ በትውልዱ፣ አንዳችሁ በሃይማኖቱ፣ አንዳችሁ በበሽታው ወይ በእግሩ ማነከስ ከሥራ የተገፋችሁ ትኖራላችሁ። ለማስተባበል አትሩጡ። እኔ ዕድሜዬን በማስተባበል ጨርሼዋለሁ፤ የሚያስተባብል ሰው ሁልጊዜ ተከሳሽ ነው። «በሥራዬ ላይ ምን አጠፋሁ?» በሏቸው። እሷን ብቻ። ጊዜውም ሳያልፍባችሁ በሏቸው። ሲያባብሏችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ «እኔ በግሌ አላምንም» ብሎ የሚጀምር ሰው ከሚያምነው ይብሳል።

በቅርቡ አዲስ የብየዳ ሠራተኛ ተቀጠረ። ጎረምሳ ነው፣ ደፋር። ሁለተኛ ቀኑ ላይ ካሳሁን አጠገብ ቆይቶ መጣና ከጎኔ ቆመ።

«ጋሼ፣ አትቆጣኝና… ቡዳ ነህ የሚሉት እውነት ነው?»

ሁሉም መስማታቸውን አውቃለሁ። ድሮ ቢሆን በልደታ፣ በሚካኤል፣ በልጆቼ እምል ነበር። ማስኬን ወደ ላይ ገፋሁና ዓይን ዓይኑን አየሁት።

«ብሆንስ?» አልኩት።